ወላጁ ሩቅ ለሆነ ልጅ «ወላጅ አምጣ» አትበሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በአንባቢያን አምዳችሁ ላይ ሰሞኑን ስለ ተማሪዎች ሥነ ምግባር ብዙ ሰው ሲጽፍ አያለሁ። አንዱ ልምጭ ይመለስ ይላል፤ ሌላው ጥፋቱን በሞባይል ላይ ያሳብባል። አንድ ወላጅ ደግሞ ሥርዓት የቀረው በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው ብለዋል። እኔ እዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ልብስ ስሰፋ 24 ዓመት ሞላኝ። ሁለት ልጆቼ እዚያው ገብተው እዚያው ጨርሰዋል። ትምህርት ቤቱን ከልቤ ስለምወደው ነው ይህን የምጽፈው። የከተማውንም የትምህርት ቤቱንም ስም አላነሳም፤ የምናገርለት ነገር በመንግሥቱም በግሉም ትምህርት ቤት ያለ ነው።

ያ ወላጅ አልተሳሳቱም። በሩ ጠዋት ልክ 2 ሰዓት ይዘጋል። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አጥር ውጭ የደረሰ ተማሪ እንኳ ባለበት ይቆማል። ሞባይል አይገባም፣ ጥፍር ይታያል፣ ክፍላቸውን የሚጠርጉት ራሳቸው ናቸው። የኔ ቢጤ ሲያዩ ብር የሚያዋጡ ልጆች አይቻለሁ፤ ማንም ሳያዛቸው። ዱላ ደግሞ የለም። ይህንን ብዙ ሰው አያምነኝም፣ ግን በ24 ዓመት ውስጥ ከዚያ ግቢ አንድም ልጅ ተገርፎ ሲያለቅስ አልሰማሁም።

የበኩር ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለ የሌላ ልጅ ላጲስ ኪሱ ውስጥ ተገኘበት። የዚያን ጊዜዋ ርዕሰ መምህርት አንዲት በዕድሜ የገፉ መነኩሲት፣ ሲስተር ነበሩ። በዕረፍት ሰዓት ለብቻው ጠርተውት፣ አበባ የሚያጠጡበትን ባልዲ አስይዘውት ከአትክልቱ ወዲያ ወሰዱት። እዚያ ሆነው ላጲሱን ብቻህን ትመልሳለህ ወይስ አብሬህ ልሂድ ብለው ጠየቁት። አብረውኝ ይሂዱ አለ። ሄዱ፣ መለሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገሩ አለቀ። እኔና እናቱ ይህን የሰማነው ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ፣ አንድ ማታ እራት ላይ፣ ከራሱ አፍ ነው። ያን ቀን ወላጅ አልተጠራም። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ የሰው ዕቃ ነክቶ አያውቅም።

ዛሬ ሦስት ገጽ የተተየበ የሥነ ምግባር ደንብ አለ። በምዝገባ ጊዜ ወላጅ ይፈርምበታል። እኔ በቃሌ ልወጣው ምንም አልቀረኝም፤ ከገጠር የሚመጡት ወላጆች ልጃቸውን ለዩኒፎርም ስለካ ወረቀቱን ዘርግተው «እስቲ አንብብልን» ስለሚሉኝ ነው። አንብቤላቸው ሲያበቃ ሄደው በጣታቸው ይፈርማሉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ያረፈደ፣ ዩኒፎርም ያላሟላ፣ ፀጉሩን ያልተስተካከለ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ፣ ሞባይል የተገኘበት፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ሰፍሯል። ቅጣቱም አንድ ነው፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እስኪቀርብ ድረስ ክፍል አይገባም።

እናቱ ከገበያው ማዶ ለምትኖር ልጅ ይህ ቀላል ነው። ጠዋት ተብሎ ከሰዓት ትመጣለች፣ ታፍራለች፣ ትቆጣለች፣ ልጁም ይታረማል። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት ልጆች አሉ። ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከአንኮበር ወረዳ ቀበሌዎች ስምንተኛ ክፍል ጥሩ ውጤት አምጥተው፣ ትምህርት ቤቱ ክፍያ ቀንሶላቸው ወይም ትቶላቸው የገቡ ናቸው። አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ልጆች ናቸው፣ ሙስሊሞችም አሉ፤ ትምህርት ቤቱ ሃይማኖታቸውን ጠይቆ አያውቅም። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ስንቃቸው በገበያ ቀን በአይሱዙ ጀርባ ይመጣላቸዋል፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ። አንዱ ክፍል ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ፤ መጋረጃ ልሰፋላቸው ለካሁ። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት የመንዝ ባና፣ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ የተሠመረ የተራ ሠንጠረዥ፤ ማን ውኃ ይቀዳል፣ ማን ያበስላል የሚል።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ገና 2 ሰዓት ሳይሞላ፣ አንዲት እናት ከበሩ ጥግ ቆመው አየሁ። ነጠላቸው ላይ ባና ደርበዋል፣ እግራቸው ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ያውም ያለ ካልሲ። ውርጩ የመንገዱን ሣር ነጭ አድርጎት ነበር። ዘበኛው የተማሪዎችን ሥርዓት የሚቆጣጠሩት ዩኒት ሊደሩ እስኪመጡ ጠብቂ ብሏቸዋል። ጠርቼ ሱቄ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፣ ባለቤቴ ቡና አቀረበችላቸው። ስኒውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙት እንጂ አልጠጡም። ቆይተው ቆይተው ቀና አሉና፣

«ወንድሜ፣ ልጄ በሕይወት አለ?» አሉኝ።

ከመንዝ ነው የመጡት። ልጁ መልእክቱን የነገረው በቀበሌያቸው ስልክ ላለው ሰው ነው። ያ ሰው ለሌላው ነገረ፣ ሌላው ለእሳቸው ነገረ፤ እሳቸው ጆሮ ሲደርስ «ትምህርት ቤቱ በአስቸኳይ ይፈልግሻል» ብቻ ሆኖ ቀረ። ሁለት ዶሮ ሸጠው፣ እስከ ሞላሌ በእግራቸው ወጥተው፣ ከዚያ በመኪና በመዘዞና በጣርማ በር አድርገው ነው የደረሱት። መንገዱን ሁሉ የልጃቸውን ሬሳ ሊቀበሉ እየመሰላቸው ነው የተጓዙት። በሽታም ደርሶበት፣ ሰውም ገድሎት ሊሆን ይችላል ብለው። መንገዱ ደግሞ በዚህ ጊዜ እንዴት ያለ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ ዛሬ ክፍት ነው ያሉት ነገ ይዘጋል።

4 ሰዓት ላይ ጠሯቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጡ። ጥፋቱ ፀጉር ነበር። ልጁ ለፀጉር መቆረጫ የላኩለትን ብር ደብተር ገዝቶበታል። «ተመስገን፣ ፀጉር ነው አሉኝ» እያሉ ፊታቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ነበር። ያመጡት ቋጠሮ በሶ ነው። ግማሹን ለዩኒት ሊደሩ ሰጥተውት ሄዱ፤ ልጄን ስለጠበቅህልኝ ብለው። ያ ሰው ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጥቶ ቁጭ አለ፣ ብዙ ሳይናገር። በሶውን ለልጁ መልሼ ሰጠሁት ብሎኝ ሄደ። ጥሩ ሰው ነው። ደንቡን ያወጣው እሱ አይደለም።

ልጁ እናቱን ሲጠብቅ አራት ቀን ከክፍል ውጭ ነበር።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ደግሞ ሌላ ልጅ መጣ፤ እሱም ዘጠነኛ ክፍል ነው። አዝራር ልታስተክል ነው ብዬ እጄን ብዘረጋ፣ አራት ቦታ የታጠፈ መቶ ብር አስያዘኝ።

«ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ አጎቴ ይሁኑልኝ።»

ሦስት ጊዜ አርፍዷል። የሚኖሩበት ግቢ ቧንቧው ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ የሚመጣው ጎሕ ሲቀድ፣ ወረፋው ረጅም ነው። ሰኞና ረቡዕ የእሱ ተራ ነበር። ሊስትሮው አጎት ነኝ ለማለት 150 ብር እንደጠየቀው ነገረኝ፤ መቶ ብሩ የአሥር ቀን ሽሮው ነው። እንዲህ ያለ ገበያ በሱቄ ፊት እየተካሄደ አለማወቄ አስደነገጠኝ። ብሩን መልሼ ኪሱ ከተትኩለትና ተነስቼ አብሬው ሄድኩ።

ምኑ ኖት ስባል አጎቱ ነኝ አልኩ። ልጁን በሰዓቱ ይላኩ ተባልኩ፣ እሺ አልኩ፤ ቅጹ ላይ «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ» የሚለው ቦታ ላይ ፈረምኩ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ የብዕሬን ጫፍ ያይ ነበር። ሱቄ ስመለስ እጄ ሥራ አልያዝ አለኝ። ያ ልጅ በሕይወቱ ዋሽቶ የማያውቅ ይመስለኛል። ውሸት ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ውስጥ ሲገባ ያሳየሁት እኔ ነኝ፣ የሥነ ምግባር ደንብ በሚባለው ወረቀት ላይ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ሄጄ፣ «ሲስተር፣ እኔ የልጁ አጎት አይደለሁም» አልኳቸው። አልተቆጡም። ፋይሉን አውጥተው አንድ በአንድ ገለጡልኝ። ፊርማዎቹን አየሁ፤ የማውቀው የሊስትሮው እጅ ጽሑፍ በአራት ልጆች ስም ሥር ነበር። ሲስተር ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ደንቡን ያጸደቀው ወመህ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ነው፣ እኔ ብቻዬን ልቀይረው አልችልም አሉኝ። አምናቸዋለሁ። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ ለእሳቸው ያልጻፍኩት። የምጽፈው በወላጅ መምህር ኅብረቱ ውስጥ ወንበር ላላችሁት የከተማ ወላጆች ነው፤ እዚህም በሌላውም ከተማ።

በዚያ ቢሮ ግድግዳ ላይ በልጆች መካከል የቆመ የአንድ ቄስ ሥዕል ተሰቅሏል። ከጥቂት ዓመት በፊት የቢሮውን መጋረጃ ስሰፋ ማን እንደሆነ ጠይቄ ሲስተር ነግረውኛል፤ ጣሊያናዊው ዶን ቦስኮ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1815 ተወልዶ በ1888 ያረፈ። ገበሬ የነበረው አባቱ የሞተው እሱ ገና 2 ዓመት ሳይሞላው ነው። ለትምህርት ከገጠር ሲወጣ ማደሪያ ያገኘው አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ነበር፤ ስፌትም ከዚያው ሰው ተማረ። ይህን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። በኋላ ቱሪን ከተማ ውስጥ መጠጊያ ያጡ ልጆችን ሰብስቦ ሲያሳድግ ሥራውን በሦስት ነገር ላይ አቆመው፤ በማስረዳት፣ በሃይማኖትና በፍቅር። ልጁ ካጠፋ በኋላ ከመቅጣት፣ እንዳያጠፋ አስቀድሞ አጠገቡ መገኘት ይሻላል ባይ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ አባት የሌለው፣ ከገጠር የመጣ፣ ሰው ቤት ያደረ ልጅ ነው። ዛሬ እኛ በር ላይ ቢመጣና ቢያረፍድ፣ አባትህን ካላመጣህ አትገባም ልንለው ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያንገበግበኝ ልናገር። በ1979 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ትምህርት ቤት። የመማሪያ መጽሐፍ ጠፋብኝና ወላጅ አምጣ ተባልኩ። ታኅሣሥ ነው፤ አባቴ አውድማ ላይ ነው፣ ወንድሞቼ ታናናሽ ናቸው፣ ገብሱ ሳይወቃ ዝናብ ሊያገኘው ይችላል። ልንገረው ብዬ አፌን ስከፍት ላቡን አየሁና ዘጋሁት። ጠዋት ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ፣ ወንዝ ዳር እውላለሁ፣ ልጆቹ ሲለቀቁ ተቀላቅዬ እገባለሁ። መጀመሪያ ሦስት ቀን፣ ከዚያ ሳምንት፣ ከዚያ ስሜ ተሰረዘ። አባቴ ያወቀው ለፋሲካ ነው። አልመታኝም። «ምነው ብትነግረኝ ልጄ፣ ውቂያውን ትቼ እመጣ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ አጎቴ ዘንድ ስፌት ተላክሁ። በሙያዬ ልጆቼን አስተምሬበታለሁ፣ አመሰግናለሁ። ያ መጽሐፍ ግን ዋጋው ስንት ነበር?

ባለፈው ስብሰባ ላይ ነገሩን ሳነሳ አንድ ወላጅ ተነስተው ለገጠር ልጅ ተብሎ ደንብ አይላላም አሉ። ሌላው እንዲያውም ግረፉልን አሉ፤ ተጨበጨበላቸውም። መግረፍን በተመለከተ ክርክሩ ያለቀ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ነው ይላል። ሌላ ሰው ደግሞ ደንቡ የፈረንጅ ነው፣ እኛ ምን አገባን አሉ። ካቶሊክ ለሸዋ እንግዳ አይደለም፤ የካቶሊኩ ሚስዮናዊ አባ ማስያስ በያኔው የሸዋ ንጉሥ መቀመጫ በልቼ ምኒልክ ዘንድ የቀረቡት በ1860 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያም ዓመታት አብረውን ኖረዋል። ደንቡንም ያጸደቅነው እኛው ነን። «ወላጅ አምጣ» ማለትም ከማንም የተዋስነው አይደለም፤ እኔን ያገኘኝ ሲስተር በሌሉበት አገር ነው።

ይላላ አላልኩም። ያረፈደ ልጅ ይግባ፤ ትምህርቱን ይከታተል፣ ከዚያ ሌላው ሲለቀቅ እሱ ይቅር። ግቢው ውስጥ ሥራ ሞልቷል፤ አትክልቱ አለ፣ ቤተ መጻሕፍቱ አለ፣ የትንንሾቹ ክፍል መስኮት አለ። አንድ ሰዓት የሠራ ልጅ ጥፋቱን ራሱ ከፈለ ማለት ነው፤ የእናቱ ዶሮ አልተሸጠም። የውኃ ተራ ያለበት መሆኑን ደግሞ የሚጠይቀው ሰው ይኑር። እኔ ያን ልጅ ለምን አረፈድህ ብዬ ለመጠየቅ የፈጀብኝ ጊዜ አዝራር ከመትከል አይበልጥም። ጎረቤቱ አንድ ጀሪካን ውኃ እያስቀመጠለት ከዚያ ወዲህ አላረፈደም።

ሹራብ የሌለው ልጅ በውርጭ ጊዜ የወንድሙን ቀይ ሹራብ ደርቦ ቢመጣ ከበር አይመለስ። ቢሮው ውስጥ አምስት ስድስት ሹራብ ይቀመጥ፤ ጠዋት ይዋስ፣ ማታ ይመልስ። ጨርቁን እናንተ አምጡ፣ ክሩና ጉልበቱ የኔ ነው፤ ይህን በስብሰባ ላይም ተናግሬያለሁ። ለእያንዳንዱ ከሩቅ ለመጣ ተማሪ ደግሞ በመስከረም ላይ ወላጁ በአካል ቀርቦ፣ አይቶና መርጦ፣ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ተጠሪ ያስመዝግብ። ሊስትሮው በልጁ ገንዘብ የሚሆነውን፣ ወላጁ ያመነው ሰው በእውነት ይሁን። ትምህርት ቤቱ ስልኩን ይያዝ፤ ሲደውልም ልጁ ደኅና መሆኑን አስቀድሞ ይናገር። ይህች አንዲት ቃል ብቻ ብትጨመር ያች እናት ያን መንገድ እንዲያ ሆነው ባልመጡ።

ድብድብ ቢሆን፣ ስርቆት ቢሆን፣ ሌላውን ልጅ የሚጎዳ ነገር ቢሆን ወላጅ ይጠራ። ይገባል። ግን ወላጁ በሚመጣበት በገበያ ቀን ይቀጠር፤ እስከዚያ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ይማር። አሁን ባለው ደንብ ሰኞ የተባረረ የመንዝ ልጅ ቶሎ ቢሆን ሐሙስ ነው የሚመለሰው። መንገድ ከተዘጋ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ እግዚአብሔር ይወቅ። አምና ሁለት ልጆች በዚህ ሰበብ ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። አንዷ ሴት ነበረች፤ ቀሚሷን ለክቼ ሰፍቼ፣ መጥታ ሳትወስደው እስካሁን ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል።

የወመህ ስብሰባ ግንቦት ላይ ነው፤ ደንቡም ለመጪው ዓመት የሚታተመው ከዚያ በኋላ ነው። ዝግጅት ክፍሉ ይህን ደብዳቤ ከዚያ በፊት እንዲያወጣልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ በበኩሌ የዚያን ልጅ አባት ለገና ሲመጡ አግኝቻቸው፣ ተነጋግረን፣ በተጠሪነት ስሜን በደንብ አስመዝግበዋል። ሌሎች ሦስት አባቶችም ጠይቀውኛል። ተጠሪ ያጣ ልጅ ካለ ወደ እኔ ላኩት። ሱቄ ከበሩ ፊት ለፊት ነው፤ ከእሑድ በስተቀር ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር
ልብስ ሰፊውና የቀድሞ ተማሪዎች አባት፣ ከሰሜን ሸዋ